ብድር ወይስ ሸሪክ?

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። አዲስ ማሽን ለመግዛት ልበደር ወይስ ሸሪክ ላስገባ?

መልስ፦ ከወር ወጪ በኋላ የሚተርፍዎት ገንዘብ የብድሩን ወርሃዊ ክፍያ ቢያንስ 1.25 እጥፍ የሚሸፍን ከሆነ ይበደሩ። ግን የመክፈያ ጊዜው ከማሽኑ ዕድሜ ጋር ይመጣጠን። አምስት ዓመት የሚያገለግል ማሽን በ12 ወር ብድር ከተገዛ፣ ወጪውን ሳይመልስ ክፍያው ይከመራል፤ ለጣውላና ለደመወዝ የተያዘውን ጥሬ ገንዘብም ይበላል። በወረቀት ላይ አትራፊ የሆነ ድርጅት እንኳ እንዲህ ሲሆን ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል።

ሸሪክ ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚወስደው ድርሻ ነው። ድርጅትዎ 400 ሺህ ቢገመትና እሱ 100 ሺህ ቢያስገባ፣ ድርሻው 20 በመቶ እንጂ 25 አይደለም፤ 100 ሺህ የሚካፈለው እሱ ካስገባው ጋር ለሚሆነው 500 ሺህ ነውና። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

መያዣ ካነሰዎት የሊዝ ፋይናንስ (አበዳሪው ማሽኑን ገዝቶ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ የሚሰጥበት መንገድ) ይጠይቁ፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ይሆናል።