የኒቅያ ጉባኤ በ325 ነው፣ በ317 ወይስ በ318?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ስለ ኒቅያ ጉባኤ ልጠይቅዎት ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው «በ325 ዓ.ም. ተደረገ» ተብሎ ነው። ባለፈው 2017 ደግሞ በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት 1700ኛ ዓመቱን ሲያከብሩ አየሁ። ከ2017 ላይ 325 ስቀንስ የሚመጣው 1692 ብቻ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «318 ነው» ትላለች። ሃይማኖታችን የተወሰነበት ጉባኤ ዓመቱ እንኳ ካልታወቀ እንዴት ነው ነገሩ? ልቤ ተረብሿል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ሒሳብሽ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው «325 ዓ.ም.» የሚለው አጻጻፍ ነው። 325 የአውሮፓውያን ቁጥር ነው፤ እኛ «ዓ.ም.» ስንል ደግሞ የራሳችንን ዓመተ ምሕረት ማለታችን ነው። ከውጭ መጻሕፍት ቁጥሩን ሲወስዱ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን እዚያው ትተውት መጡ፣ ከዚያ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ይኸው እኛ ጋ ደረሰ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ በአቆጣጠራችን እንኮራለን፣ በገዛ መጽሐፋችን ላይ ግን እናደባልቀዋለን። በእኛ 317 ነው። 317 ላይ 1700 ጨምሪበት፣ 2017 ይሰጥሻል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች 325ንም ሆነ 317ን አያውቁም ነበር። የአውሮፓው ቁጥር የተጀመረው ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ ሮም ተቀምጦ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ባወጣው ስሌት ነው። የእኛ ደግሞ ከእስክንድርያ ሊቃውንት የመጣ ነው፤ ጌታ ከአዳም ጀምሮ 5500 ዘመን ሲፈጸም ተወለደ ከሚለው ይነሣል። ልዩነቱ ሰባትና ስምንት ዓመት የሆነው ሁለቱ የልደትን ዓመት የቆጠሩበት መንገድ ስለተለያየ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ያኔ ሰዉ ዓመቱን ምን ይለው ነበር? ሮማውያን በሹማምንቶቻቸው ስም ይጠሩታል፤ ጳውሊኖስና ዩልያኖስ ቆንስል የነበሩበት ዓመት ነው። በሶርያ በኩል ከግሪኮች መንግሥት ጀምረው ስለሚቆጥሩ 636 ይሉታል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስም (ፈላስፋው አይደለም) ሁለቱንም አስቀምጦ ቀኑን ሜይ 20 ይለዋል። በግብፅ ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምሮ ሲቆጠር 41 ነው፣ በኋላ ዓመተ ሰማዕታት የተባለው ማለት ነው። በእኛ ዓመተ ዓለም (ከአዳም ጀምሮ ሲቆጠር) 5817። አየሽ፣ ሁሉም የሚያርፉት በአንድ ዓመት ላይ ነው። ዓመቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚለያየው ከየት ጀምረን እንቆጥር የሚለው ነው።

ከፈለግሽ የዚያን ዓመት ትንሣኤ በባሕረ ሐሳብ፣ በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት ስሌት፣ ራስሽ አውጪው። 5817ን ለ19 ስታካፍይ 3 ይተርፋል፤ አንዱን ትተሽ ወንበሩ 2 ነው። 2 በ11 አበቅቴ 22። 2 በ19 ሲባዛ 38፣ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 8። ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት ላይ ይውላል። ጥቅምት 8 በዚያ ዓመት ሰኞ ነው፣ የሰኞ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 6፣ ስለዚህ መባጃ ሐመሩ (የሁለቱ ድምር) 14፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 14። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስትጨምሪበት ትንሣኤ ሚያዝያ 23 ይውላል። በሮማውያኑ ኤፕሪል 18 መሆኑ ነው። ሶቅራጥስ ያለው ሜይ 20 ደግሞ ግንቦት 25 ላይ ይገባል፣ ማለትም በበዓለ ኀምሳ ውስጥ! ያ ጉባኤ ደግሞ ትንሣኤ በሁሉም ዘንድ በአንድ እሑድ እንዲከበር የወሰነ ነው። በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በበዓለ ኀምሳ ተንበርክከን እንዳንጸልይ፣ ቆመን እንድንጸልይ ሥርዓት ሠርቷል። ዛሬም በበዓለ ኀምሳ የማንሰግደው ለዚህ ነው።

ጓደኛሽን ግን ተሳስተሻል እንዳትያት። በእኛ ትውፊት 318ቱ አባቶች የተሰበሰቡት መስከረም 21 ነው፣ ብዙኃን ማርያም የምንለው በዓል፤ የኅዳር 9ም መታሰቢያቸው ነው። መስከረም ሲጠባ የእኛ ዓመት ይለወጣል፣ የአውሮፓው ግን ገና 325 ላይ ነው። ስለዚህ መስከረም 21ን ይዞ የሚቆጥር ሰው 318 ይላል፣ የግንቦቱን የያዘ 317። ምናልባት የአባቶችን ቁጥር ከዓመቱ ጋር ቀላቅላው ከሆነም ጠይቂያት፣ ይኼ ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ።

ስለ ልብሽ መረበሽ። በየቅዳሴው «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ስትዪ የምትመሰክሪው ወልድ ከአብ ጋር በመለኮቱ አንድ መሆኑን፣ ያልተፈጠረ መሆኑን ነው። «ወልድ ፍጡር ነው» ያለው አርዮስ የተወገዘው ይህን በመካዱ ነው። የዓመቱ ቁጥር በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ የለም። በ317 ብትዪው በ325 አርዮስ ያው ተወግዟል።

ልጆች የምታስተምሪ ከሆነ ግን ሰሌዳው ላይ «በ317 ዓ.ም. (325 እ.ኤ.አ.)» ብለሽ ጻፊላቸው። «325 ዓ.ም.» የሚለውን መጽሐፍም ጣይው አልልሽም፤ በእርሳስ አስተካክይውና ተጠቀሚበት።