አሸዋ ላይ ያለው ቮሊቦል ሌላ ጨዋታ ነው
ወንድሜ፣ «ቢች ቮሊቦል አሸዋ ላይ ከመሆኑ በቀር ከአዳራሹ በምን ይለያል?» ላልከው፣ በብዙ ነገር። አዳራሽ ውስጥ 6 ሆናችሁ ነው፤ አሸዋ ላይ 2 ብቻ። ቅያሪም የለም፤ ደከመኝ ብትል ማን ይሰማሃል! ሜዳው ከ18 በ9 ሜትር ወደ 16 በ8 ያንሳል። መረቡ ያው ነው፣ ለወንዶች 2.43 ሜትር።

አዳራሽ የለመደን ሰው በጣም የሚያስቸግረው ብሎክ (የተጋጣሚን ምት መረቡ ላይ ዘሎ በእጅ መከልከል) ነው። አዳራሽ ውስጥ ብሎክ ስታደርግ ኳሷ እጅህን ብትነካም ቡድንህ ኳሷን ወደ ተጋጣሚ ከመመለሱ በፊት ከተፈቀዱለት 3 ንክኪዎች አይቆጠርብህም። አሸዋ ላይ ግን ይቆጠራል፤ የሚቀራችሁ 2 ነው። በተዘረጋ ጣት ኳሷን ቀስ አድርጎ ወደ ተጋጣሚ መጣልም ክልክል ነው።

ንፋስና ፀሐይ አንዱን ወገን ብቻ እንዳይጎዳ በየ7 ነጥቡ ሜዳ ትቀያየራላችሁ። ዙሩ በ25 ሳይሆን በ21 ያልቃል፤ 2 ዙር ያሸነፈ ጨዋታውን ይወስዳል።