አፍንጫው ለታፈነ ሕፃን ምን ይደረግ? ለኩታበሯ እናት

እህቴ፣ አላህ ልጅሽን አፊያ ያድርግልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአምስት ወር ልጅሽን ጉንፋን ይዞታል። ቀን ደህና ይውላል። ሌሊት ግን አፍንጫው ይታፈንና ጡት ይዞ መልሶ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ አንቺም ሳትተኚ ይነጋል። እናትሽ «ለጋ ቅቤ አቅልጠሽ ጠብ አድርጊለት» ይሉሻል። ጎረቤትሽ ዳማከሴ ጨምቂለት ትላለች። ባለቤትሽ ደግሞ ቪክስ የሚባለውን የጉንፋን ቅባት ገዝቶ መጥቷል። የትኛውን ላድርግ ነው ያልሽው። በዚያ ላይ የሦስት ዓመቷ እህቱም አፍንጫዋ ተዘግቷል ብለሻል፤ የሷ ጉዳይ ለብቻው ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መልሴ አጭር ነው፤ ከሦስቱ አንዱንም አታድርጊ። በሕፃን አፍንጫ መግባት ያለበት ንጹህ የጨው ውሃ ብቻ ነው። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት እዚሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። የክረምቱን ጉምም የጥርና የታኅሣሥን ውርጭም አውቀዋለሁ። ጉንፋን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ የምጽፍልሽ በእጄ ያደረግሁትንና ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ያስተማሩኝን ነው።

መጀመሪያ ልጅሽ ለምን እንደሚቸገር ልንገርሽ። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። ቀዳዳው ደግሞ በጣም ጠባብ ነው፤ ትንሽ ንፍጥ ይዘጋዋል። ጡት ሲይዝ አፉ ይያዛል፣ አፍንጫው ተዘግቷል፣ ታዲያ በምን ይተንፍስ? ለዚያ ነው ጎትቶ የሚለቀው። ርቦታል፣ መጥባት ይፈልጋል፣ ትንፋሽ ግን አጣ። እንግዲህ የኛ ሥራ ጉንፋኑን ማዳን አይደለም። ጉንፋኑ ቫይረስ ነው፤ በሰባት በአሥር ቀን በራሱ ይሄዳል፤ ሳሉ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የኛ ሥራ ከመጥባቱ በፊት አፍንጫውን መክፈት ነው። እሱ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

የጨው ውሃውን ከመድኃኒት ቤት ብታገኚ ይሻልሻል። «ለሕፃን አፍንጫ የሚሆን ኖርማል ሳላይን» ብለሽ ጠይቂ። ጠብታ ሆኖ የተዘጋጀውን ከሰጡሽ እሰየው። ካጣሽ ቤት ማዘጋጀት ይቻላል፤ ግን ልኩን ጠብቂ። ለ1 ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ። ይህ ወደ 9 ግራም ይመጣል፤ የመድኃኒት ቤቱም ልክ ይኸው ነው። ለግማሽ ሊትር ግማሹን አድርጊ። ቀምሰሽው እንደ እንባ ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ ጨው ከበዛበት ያቃጥለዋል። ጨዉ ደቃቁ፣ የታሸገው ይሁን። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አሸዋና አቧራ ስላለው አይሆንም።

ውሃውን ማፍላት ላይ አደራ። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ ግን ሙቀቱ ቆላ እንደሚፈላው አይደለም። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይፍላ። ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ እኛ ጋ አይበቃም። ከድኖ ማቀዝቀዝ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ብልቃጥ ማስቀመጥ፣ በማግሥቱ የተረፈውን ደፍቶ አዲስ መሥራት ነው። ስታደርጊለት ለብ ያለ ይሁን፤ በእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው። ቀዝቃዛ ውሃ ሕፃን ያስደነግጣል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ልጁን በጀርባው ጭንሽ ላይ አስተኚው፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና አድርጊ። መርፌ በሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ወይም በጠብታ ማንጠብጠቢያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ። በኃይል አትርጪበት፣ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ንፍጡ ይላላል። ብዙ ጊዜ ያስነጥሰዋል፣ ራሱ ያወጣዋል፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠርገሽ ትጨርሻለሽ።

ካላወጣው የጎማ መምጠጫ አለ፤ ደሴ ያሉ መድኃኒት ቤቶች ጠይቂ። ጎማውን መጀመሪያ ውጭ ጨመቅ ታደርጊዋለሽ፣ እንደተጨመቀ ጫፉን በአፍንጫው ደጃፍ ብቻ ታስገቢያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ። ይስባል። አውጥተሽ ጨርቅ ላይ ትጨምቂዋለሽ፣ ወደ ሌላው ቀዳዳ ትሄጃለሽ። ወደ ውስጥ አትግፊ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከበዛ የአፍንጫው ውስጥ ይቆጣና ያብጣል፣ ያኔ መታፈኑ ይብሳል። ጎማውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥበሽ፣ ውስጡን ጨምቀሽ አድርቂው። ካልደረቀ ውስጡ ይሻግታል። በአፍ መምጠጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ እናቶች ያደርጉታል። እኔ ግን አልመክርሽም፤ የአዋቂ አፍ ብዙ ነገር ይዟል፣ የሱም ጉንፋን ወዳንቺ ይመጣል። የክብሪት እንጨት፣ የጆሮ ጥጥ፣ የፀጉር መርፌ ጭራሽ አይታሰብም።

ሰዓቱን እወቂበት። ከመጥባቱ ጥቂት ደቂቃ በፊትና ሊተኛ ሲል ነው። ከጠባ በኋላ ካደረግሽው ያስመልሰዋል። ደግሞ አንዴ ብዙ እንዲጠባ አትጠብቂ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጪው። ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ብታጠቢው ይቀለዋል። በፍጹም እንቢ ካለ ጡትሽን በንጹህ ኩባያ አልበሽ በማንኪያ ስጪው። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ውሃም ሻይም አያስፈልገውም። የሽንት ጨርቁ እንደወትሮው የሚርስ ከሆነ በቂ እያገኘ ነው።

አሁን ወደ ቅቤው። እናትሽ ክፉ አልመከሩሽም፤ እሳቸውም ከእናታቸው ያዩት ነው። ግን ቅቤም ሆነ ዘይት በአፍንጫ ሲገባ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ውሃ ቢሆን ሰውነት ይመጠዋል፤ ቅባት ግን ሳንባ ውስጥ ይቀመጥና የሳንባ ምች ያመጣል። ሕፃን ደግሞ አስሎ ማውጣት ስለማይችል አደጋው ይበዛል። ይህን በትህትና ንገሪያቸው። «እማ፣ ሐኪሞቹ አፍንጫ ውስጥ ቅባት ከለከሉ» በያቸው፤ በሐኪም ስታሳብቢ ቅር አይላቸውም። ቅቤውን እግሩንና ጀርባውን ይሹበት። ልጁም ይዝናናል፣ እሳቸውም የድርሻቸውን ያደርጋሉ። አያትን ገፍቶ ልጅ ማሳደግ አይቻልም፤ እኔ በሕይወቴ ካገኘኋቸው ረዳቶች አማቴን የሚያክል የለም።

ዳማከሴውን ለአንቺ አፍልተሽ ጠጪው፣ አንቺም ጉንፋን ይዞሻል ብለሻል። የቅጠል ጭማቂ በሕፃን አፍንጫ ግን ያቃጥላል፤ ልኩን የሚያውቅ ሰው የለም፣ ቅጠሉም ከጓሮ የመጣ ነው፣ ታጥቦ እንኳ ጀርም አለበት። ጤና አዳምም እንደዚሁ። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ የሚያደርጉም አይቻለሁ፤ ያቆስላል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ በምላስ ጫፍም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ለሌሊት ሳል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ደግ ነው።

ቪክሱን ባለቤትሽ ለራሱ ይቀባው። ቪክስም የቻይና ቅባትም ካምፎርና ሜንቶል አለባቸው። ከሁለት ዓመት በታች አይቀባም፣ ደረቱ ላይም ቢሆን። የአየር ቧንቧውን ያስቆጣና ንፍጡን ያበዛዋል። ካምፎር በአፍ ከገባ ደግሞ ሕፃን ያንቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ብልቃጡ ራሱ ልጅ የማይደርስበት ይቀመጥ። አዋቂዎች የምንጠቀምበት አፍንጫ የሚከፍት ጠብታና የጉንፋን ሽሮፕም ለሱ አይደለም።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን የሚባለውን ደግሞ ለልጅ አታስቢው። በፈላ ድስት የተቃጠለ ልጅ አይቻለሁ፤ አንጀት ይበላል። ለብ ባለ ውሃ ገላውን ማጠብ ይበቃል፣ ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ማድረቅ ነው።

ስለ ጭስ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እኔ እንዳየሁት ከመድኃኒት ሁሉ በላይ የረዳው እሱ ነው። የኛ ቤት ያለ ቡና አይውልም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከሰሉ ይነዳል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ በብርዱ ምክንያት በሩ ዝግ ነው። አዋቂው ይደሰታል፣ የሕፃኑ አፍንጫ ግን ያብጣል። ቡናው ይቅር አላልኩም! ልጁ እስኪሻለው ቡናው ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ዕጣኑ ይቆይ። ቦለቂያ (የጭስ መታጠኛ) የምትገቢ ከሆነም ልጁን ይዘሽ አትግቢ፣ እዚያው ክፍልም አታስተኚው። ሲጋራም እንደዚያው። ከሰል አስገብቶ ዘግቶ መተኛት ደግሞ ስለ አፍንጫ ብቻ አይደለም፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ቤተሰቡን በሙሉ እንደተኛ ሊያስቀር ይችላል። ቤቱን ማሞቅ ከፈለግሽ ማንደጃውን ከመኝታ በፊት አውጪው። ጠያቂዎችም ሕፃኑን ካልሳምን ይላሉ። እጃቸውን ይታጠቡ፣ ጉንፋን የያዘው ከሩቅ ይጠይቅ፤ ይህን ለማለት አትፈሪ።

ሲተኛ በጀርባው፣ ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ ይተኛ። ትራስ ከራሱ ሥር አታድርጊ፤ አንገቱ ይታጠፍና ትንፋሹ ይጠባል። ከጠባ በኋላ ትንሽ ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ከዚያ አስተኚው። ብርድ እንዳይመታው ብለን በጋቢ ጠቅልለን ፊቱን በነጠላ እንሸፍናለን፤ ፊቱ ይገለጥ። ካልሲና ኮፍያ፣ አንድ ድርብ ልብስ ይበቃዋል።

ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጪ። ጉንፋን ሲበስል እንደዚያ ነው። አሞክሲሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ ከታላቅ እህቱ የተረፈውን ሽሮፕ አትስጪው። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» የሚል ሰው ከመጣብሽ ደግሞ በሩን ዝጊ። ደም እየፈሰሳቸው፣ ቁስሉ እያመረቀዘ ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት አሉ። እንጥል ከጉንፋን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

መቼ ነው ተነስተሽ የምትሄጂው? ትንፋሹን ቁጠሪ። ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ፣ የስልክሽን ሰዓት ይዘሽ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በልጅሽ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ነው ልኩ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ጨርሶ ካቃተው፣ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ፈዞ አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሲያተኩሰውም ያለ ምንም ማመንታት ነው የሚኬደው። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትንፋሽ መቁጠር ተምራለች፤ ከተጠራጠርሽ ቀን ላይ ወስደሽ አሳዪያት። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶቹን ወስዶ እንደሆነም ካርዱን እዩ፤ የሳንባ ምች መከላከያው እዚያ ውስጥ ነው።

ስለ ሦስት ዓመቷ ልጅሽ፦ የጻፍሽው አሳስቦኛል። በአንድ በኩል ብቻ ተዘግቷል፣ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ይወጣል ብለሻል። ጉንፋን ሁለቱንም ነው የሚዘጋው። በዚህ ዕድሜ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዶቃ፣ ስፖንጅ አፍንጫቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ለማንም አይናገሩም። ሳትቆጪ ጠይቂያት። ወደ ብርሃን አዙረሽ እዪ እንጂ በወረንጦም በጣትሽም አትሞክሪ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። የጨው ውሃውንም ለሷ አታድርጊ፣ ሽምብራ ከሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የሪሞት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከቤት ጠፍቶ ከሆነ ግን ነገን አትጠብቂ፤ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ አፍንጫ ይበላልና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ።