አንድ ፓኬት ኤሌክትሮድ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ ብረታ ብረት ሠልጣኝ ናት፣ «ጋሼ፣ ሲኦሲውን ካለፍኩ ሥራ አገኛለሁ አይደል?» አለችኝ። ሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘናው ነው። መልሱ ከአፌ አልወጣ አለ። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሙያ ሥልጠናው 10+2 ይባል ነበር፣ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት ማለት ነው፤ ክፍለ ሀገር ብየዳ አስተምራለሁ። ሠልጣኞቹ 42፣ የሚሠራው ማሽን አንድ። ኤሌክትሮድ፣ ያ እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ፣ በሞዴል 22 (የመጋዘን ዕቃ ማውጫ ቅጽ) ፈርሜ ነው የማወጣው፣ ካለቀ እስከ ሌላ በጀት የለም። ስለዚህ እቆጥባለሁ። አንድ ልጅ በወር ሁለት ሦስት ፍሬ ቢያቃጥል ነው፤ ሌላውን ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። መጋዘኑ ጥግ በእርዳታ የመጣ ቶርኖም (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ነበር፣ ለትልልቅ ማሽን የሚሆነው ስሪ ፌዝ መብራት ስለሌለን ከነሳጥኑ የተቀመጠ።

ከልጆቹ አንዱን እናቱ ጠላ ሸጣ ነው የምታስተምረው። ማታ ማታ ሁሉም ሲሄድ ይቀርና «ቲቸር፣ አንድ ፓኬት ብቻ ይስጡኝ፣ ልለማመድበት» ይለኛል። ንብረት ያስጠይቀኛል ብዬ ከለከልኩት። ፈተና ላይ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ኤሌክትሮዱ ላሜራው ላይ እየተጣበቀ አስቸገረው። አሳዘነኝና 72 ሰጥቼ አሳለፍኩት። የጠቀምኩት መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ መጋዘኑ ሲከፈት፣ ያ የቆጠብኩት ኤሌክትሮድ እርጥበት ገብቶት ሽፋኑ ይፈረፈራል። ጣልነው።

ልጁን ከዓመት በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት። በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ተቀጥሮ፣ የበየደው ማጠፊያ ተነቅሎ በሁለተኛው ቀን አባረውታል። «ቲቸር!» ብሎ ሻንጣዬን ሊሸከምልኝ እጁን ዘረጋ። ያን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እና ልጆቼ፣ ማቴሪያል ሲከለክሏችሁ ዝም አትበሉ። የትብብር ሥልጠና በሚሉት 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ እየሠራችሁ የምትማሩት ነው ይባላል፤ ድርጅቱ ሻይ ሲያስልካችሁ ከርሞ ቅጽ ከፈረመላችሁ ግን የተዘረፋችሁት እናንተ ናችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ምናለሽ ተራ ሂዱ፣ ቁርጥራጭ ብረት ገዝታችሁ ተለማመዱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም፤ ሌቭል 2 ሳትጨርሱ ዓረብ አገር ታስባላችሁ። ደግሞ አንዱ ዩቲዩብ አይቶ የቁም ብየዳ ሲበይድ አየሁት፣ እኔ ስንት ዓመት የፈጀብኝን! ወረቀቱን ተዉት ልላችሁ ነበር፤ አይ፣ ሲኦሲውንም ውሰዱ፣ ያለሱ በር የማይከፍት ቀጣሪ ብዙ ነው።

የጎረቤቴን ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ነይ ብያታለሁ። አሮጌው ማሽኔ ግቢ ውስጥ አለ። ባለ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ሁለት ፓኬት ገዝቻለሁ።