ሌላ ድንቅነሽ ለማግኘት ለምትጓጉ

ልጆች፣ አብዛኞቻችሁ ወደዚህ የቅሪተ አካል ጥናት ሙያ የምትመጡት ሌላ ድንቅነሽ ለማግኘት ነው። አልፈርድባችሁም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ሐዳር ላይ መገኘቱ ማንን አያጓጓም? ግን እውነቱን ልንገራችሁ። አፋር ወርዳችሁ መሬት መሬቱን እያያችሁ ስትውሉ የምታገኙት በአብዛኛው የአሳማ፣ የአጋዘን፣ የጉማሬና የዝንጀሮ ስብርባሪ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ዝንጀሮዎቹ ላይ ነው። አይቆጨኝም።

ለምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1994 ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ያኔ ገና ተማሪ ሳለ፣ መካከለኛው አዋሽ አራሚስ ላይ ሁለት የእጅ አጥንት ቁራጮች አገኘ። «አርዲ» የተባለችው የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት አጽም ከዚያ ተነስታ ነው የወጣችው። አጥንቱ በነኩት ቁጥር ይፈረፈር ስለነበር ከነአፈሩ በጄሶ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ። ዋናው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። 15 ዓመት! ዲግሪ በያዛችሁ ማግስት ስም ለማትረፍ ያሰባችሁ ካላችሁ ሌላ ሙያ ይሻላችኋል።

አርዲ ምን ዓይነት ቦታ እንደኖረች የመሰከሩት ግን አብረዋት የተገኙት እንስሳት ናቸው። ከትልልቆቹ መካከል ጉሬዛ መሰሎችና አጋዘኖች በዝተው ተገኙ። ጉሬዛ ደግሞ ቅጠል በሊታ ነው፤ ያለ ዛፍ አይሆንለትም። ስለዚህ አጥኚዎቹ ቦታው ደናማ ነበር አሉ። ሌሎች የአፈሩን ኬሚስትሪ አይተው «ኧረ ሣር የበዛበት ነው» ብለው ተከራከሩ። የሰው ዘር በሁለት እግሩ መሄድ የጀመረው የት ነው የሚለው ትልቅ ክርክር እንግዲህ የጦጣ ጥርስ ድረስ ይወርዳል።

እስቲ አንድ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ መዳፋችሁ ላይ አድርጉና በአጉሊ መነጽር እዩት። ከጎን ወደ ጎን የተጋደሙ ሁለት ሸንተረሮች ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ወገን ነው። አምስት ጉብታ ካለው ቀስ በሉ፤ ከቺምፓንዚ፣ ከጎሪላ ወይም ከእኛው ወገን ሊሆን ይችላል። ሸንተረሩ ስል ከሆነ ባለቤቱ ቅጠል ይበላ ነበር። ጥርሱ ቁመተ ረጅም ሆኖ ሲያረጅ ገጹ እጥፋት እጥፋት የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ሣር የሚግጠው የጭላዳ ዝንጀሮ ዘመድ ነው።

ታዲያ አያችሁ ብላችሁ አፈፍ አታድርጉት! መጀመሪያ ቦታውን መዝግቡ። ዕድሜው የሚሰላው ከአጥንቱ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ አመዱ ውስጥ ባለው አርጎን በተባለ ጋዝ። ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ያልታወቀ ጥርስ ምንም ቢያምር ብዙም አይረባን። ጂኦሎጂ ተማሩ። «እሱ የጂኦሎጂስቶች ሥራ ነው» የሚል ተማሪ ያበሳጨኛል።

የአፋርን ሰዎች አክብሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ወራንሶ ሚሌ ላይ የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ የራስ ቅል መንጋጋ መጀመሪያ ያየው የአካባቢው ሰው ነው። ዓይናቸው ከብዙዎቻችን ይበልጣል።

አሁኑኑ መጀመር ለምትፈልጉ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ አለ። ዘመዶቹ ድሮ ከደቡብ እስከ ሰሜን አፍሪካ ተሰራጭተው ነበር፤ ዛሬ የቀረው የእኛ ደጋ ላይ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ተቀመጡና ሣሩን በጣቱ እንዴት እንደሚለቅም፣ ምኑን በልቶ ምኑን እንደሚተው ጻፉ። ከዚያ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ብቅ በሉ፤ እናወራለን።