ባጃጁ አይሸጥ

ሰላም እህቴ። አዳማ ላይ በጂኦሎጂ ተመርቀሻል፤ ጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ሳይቆፍሩ የመሬቱን ውስጥ በመሳሪያ መለካት፣ ትወጃለሽ። መሳሪያውን በእጅሽ የነካሽው ግን አንድ የመስክ ቀን ብቻ ነው። "ያለ ማስተርስ ማን ይቀጥረኛል?" ብትያቸው አባትሽ ባጃጃቸውን ሸጠው ሊያስተምሩሽ ተነስተዋል።

ባጃጁ አይሸጥ። የቤቱ እንጀራና የታናናሾችሽ ትምህርት ቤት ክፍያ ከእሱ እንደሚወጣ ራስሽ ጽፈሻል። አባትሽ ወደውሽ ነው፣ ይገባኛል። አንቺ ግን ዝም ብለሽ መቀበል የለብሽም።

ደግሞ የፈራሽው ነገር ያን ያህል አያስፈራም። ሬዚስቲቪቲን እንውሰድ፤ መሬቱ ከረንትን ምን ያህል እንደሚከላከል እየለኩ ውሃ የሚፈለግበት ዘዴ ነው። አራት ብረት በአንድ መስመር ትተክያለሽ። በዳር ባሉት ሁለቱ ከረንት ይገባል፤ በመሃሎቹ ቮልቴጅ ይለካል። የዳሮቹን ባራራቅሽ ቁጥር ጠለቅ ያለውን ታያለሽ። ይህንን የቀን ሠራተኛም ቶሎ ይለምደዋል። ጣጣው ቁጥሩን ማንበቡ ላይ ነው። ሸክላም፣ ጨዋማ ውሃም፣ በእኛ ስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ወደ ሸክላነት የለወጠው ድንጋይም ቁጥሩን ያወርዱታል። ያልተሰነጠቀ ባዛልት ይሰቅለዋል። ዝቅ ባለ ቁጥር "ውሃ አለ!" የሚል ሰው ደንበኛውን ሸክላ ያስቆፍረዋል። ይህን ለመለየት የአካባቢውን ድንጋይ ማወቅ ይጠይቃል፤ አንቺ የተማርሽውም እሱን ነው። ውሃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድማ በዚህ መሳሪያ ጭራሽ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ማለፍ አለማለፉ የሚታወቀው ውሃው ላብራቶሪ ሲገባ ነው። ወንጂ ዘመድ ካለሽ የጥርሱን ነገር ታውቂዋለሽ።

የቀረውን መስክ ያስተምርሻል። መሬቱ ሲደርቅ ብረቱ ሥር ጨው ያለው ውሃ ይፈሳል፣ አለዚያ ቁጥሩ ይዘላል። የሽቦ አጥር ወይም የተቀበረ የብረት ቧንቧ ካለ መስመሩን ከእሱ ታርቂያለሽ። እኔ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ከቁፋሮ ሰዎች ጋር ኬብል ስጠቀልል ነው የለመድኩት፤ ለመስክ ማድላቴም ከዚያ ይሆናል።

ስለዚህ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችና አማካሪ ቢሮዎች ዘንድ በአካል ሂጂ። "ባለሙያ ነኝ" አትበዪ። "ኬብል እዘረጋለሁ፣ ዳታ እመዘግባለሁ" በዪ። ክፍያው መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ቻዪው። ቁፋሮ ሲጀመር ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ስብርባሪ ድንጋይ በየሜትሩ እያየሽ ከራስሽ የመሳሪያ ንባብ ጋር አስተያዪ። ይህን የሚያደርግ ጀማሪ ብዙም አላጋጠመኝም፤ ቀጣሪ ግን ወዲያው ያስተውለዋል።

ሒሳብ ላይ ሲ ማምጣትሽ? ይበቃል። "ሴት ልጅ መስክ አታድርም" ለሚሉት አክስትሽ፣ ማደሪያው የትና ከማን ጋር እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካልጣመሽ ያንን ጉዞ ተዪው፣ ሙያውን አይደለም። ማስተርሱ ስኮላርሺፕ ስታገኚ ወይም ቀጣሪሽ ሲከፍል ይደርሳል።

ማስረጃሽን ኮፒ አድርጊና ከሰኞ ጀምሮ ዙሪ። ክረምት ከገባ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን የመስክ ሥራ ይቀንሳል።