«አመጣኋት» የሚለው ቃል

ውድ ጠያቂ፣ ከ3 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ተጋብታችሁ 5 ሳምንት ብቻ አብራችሁ እንደቆያችሁ፣ ከዚያም ወደ ቨርጂኒያ ተመልሰው ቀን ፓርኪንግ ማታ ኡበር እየሠሩ ባለቤትዎ ወደ አሜሪካ የምትመጣበትን ፕሮሰስ እንዳስጨረሱ ጽፈውልኛል። ከመጣች 8 ወር ቢሆናትም «ፊቷ አልተፈታም፣ ቀኑን ሙሉ ከእናቷ ጋር ስልክ ላይ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነችኝም» ይላሉ። ጥያቄዎም ምን ቢያደርጉላት እንደምትደሰት ነው።

ድካምዎን አቅልዬ አላየውም። ሆኖም በደብዳቤዎ ውስጥ «አመጣኋት» የሚለውን ቃል 7 ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ባለቤትዎ አገር ቤት ለ6 ዓመት ነርስ ሆና መሥራቷን ግን የነገሩኝ በአንዲት መስመር ነው፤ እርሱንም «ደመወዟ ይህን ያህል አልነበረም» የሚል አክለውበታል። በሥራ ቦታዋም በሰፈሯም «ሲስተር» እየተባለች የኖረች ሴት፣ ዛሬ በማታውቀው ከተማ መጠሪያዋ የእርስዎ ሚስት መሆኗ ብቻ ነው። ጠዋት እርስዎ ወጥተው በሩ ሲዘጋ አዲስ አበባ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ የእናቷ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። ስልኩን ይዛ የምትውለው እዚያ ቡና ላይ ለመቀመጥ ይመስለኛል።

ምስጋና አለመስማትዎም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መምጣቷ ውለታ ሆኖ ከተቆጠረባት፣ ከፋኝ ብትል ውለታ ቢስ ልትባል ነው፤ ብቸኝነቷን ብትናገር የእርስዎን ድካም እንደመናቅ ሊወሰድባት ነው። ብዙ ባለትዳሮችን ሳማክር እንዳየሁት፣ ባለዕዳ የተደረገ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ቅሬታውን የመናገር ነፃነቱን ነው፤ ቅሬታውን የማይናገር ሰው ደግሞ ፍቅሩንም መናገር ያቅተዋል። እርስዎ ኩርፊያ ያሉት ዝምታ ይህ ሊሆን ይችላል።

በደብዳቤዎ መጨረሻ አካባቢ ተናድደው «ያለ እኔ ፊርማ እዚህ አገር አንድ ቀን አታድሪም» እንዳሏት በቀላሉ ጠቅሰው አልፈዋል። እኔ ግን አላልፈውም፤ ይህ ማስፈራሪያ ነው። እውነትም አይደለም። ጋብቻችሁ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ ስለገባች መኖሪያ ፈቃዷ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው፤ በእርስዎ ቁጣ የሚነሣ አይደለም። ለፕሮሰሱ የፈረሙት የድጋፍ ቃል፣ ማለትም በገንዘብ እደግፋታለሁ ያሉበት ሰነድ፣ ግዴታ የጣለው በእርስዎ ላይ ነው፤ ፍቺ እንኳ ብቻውን አያስቀረውም። ዝርዝሩን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይንገራችሁ፤ ይቅርታውን ግን ዛሬውኑ ይጠይቋት።

ሌላው ቀስ ብሎ የሚደረግ ነው። የነርስነት ማስረጃዋን አስገምግማ ለፈቃድ ፈተናው መቀመጥ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋት፤ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፣ ምናልባትም አሁን አትፈልገው ይሆናል። ቢቻል በሳምንት አንዱን ማታ ከኡበሩ ይቀንሱ። ሽማግሌ ለመጥራት አስበው ከሆነ ጥቂት ይቆዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ቻይው» የሚባለው ለእርሷ ነውና። በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስላሉ፣ ፈቃደኛ ከሆነች በመጀመሪያ ለብቻዋ ትነጋገር፤ አብራችሁ የምትቀርቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይቅርታ በጠየቁ ማግሥት ፊቷ ይፈታል ብለው አይጠብቁ። ከሠርጋችሁ 3 ዓመት ቢያልፍም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የኖራችሁት ገና 9 ወር ነው፤ ከዚያም ላይ ብዙውን ሰዓት እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ።